የሐሙስ መዝገብ

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ግንባታ በተባለው ቀን አለቀ ሲባል፣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የስምረት ነው?» ብሎ ነው። አይደለም ካሉት «እንግዲያው ውሸት ነው» ይልና ጫቱን መቀንጠስ ይቀጥላል። ይህ ስም እንዲሁ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ስምረት ዘጠኝ ፕሮጀክት መርታ ዘጠኙንም በቀኑ አስረክባለች፤ ትምህርት ቤት አለ፣ ጤና ኬላ አለ፣ የገበያ መጠለያ አለ። ሌላው ተቋራጭ «የዝናቡ፣ የብረቱ ዋጋ፣ የቦቴው» እያለ የማራዘሚያ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ እሷ ቁልፍ ታስረክብ ነበር።

ምስጢሩን የጠየቋት ሁሉ ደስ የሚል መልስ አላገኙም። ከመሀል አገር የሚመጡት መሐንዲሶች በቀለም ያሸበረቀ ፕሮግራም ይዘው ይመጣሉ፤ ፕሮግራማቸው ላይ ሠራተኛው በቀን ስምንት ሰዓት ይሠራል። የትኛው ሠራተኛ? ድሬ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ የፀሐይና የጫት ናት፤ ይህን የማያውቅ የለም። ግን ማንም ወረቀት ላይ አይጽፈውም፣ ያሳፍራላ! ስምረት አላፈረችም። «ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ ቀኑ ስድስት» ብላ ጻፈችና የቀረውን ቀን ለባለቤቶቹ ተወችላቸው። ስምንት ሰዓት ያቀዱት አምስቱን ሲያገኙ ይጮኻሉ፤ ስድስት ያቀደችው እሷ ስድስቱንም ታገኛለች።

ሁለተኛው ምስጢር ሐሙስ ነው። ሐሙስ ጠዋት፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ፎርማኖቹንና የቡድን መሪዎቹን ትሰበስብና አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች፤ «ያልሆነ ምን አለ?» የሆነውን አትጠይቅም፣ የሆነውማ በዐይን ይታያል። ለምን ሐሙስ? ዓርብ ጁምዓ ነው፣ የሰው ልብ መስጊድ ነው ያለው። ቅዳሜ ደግሞ የሳምንቱ ክፍያ ነው፤ ክፍያ ሊቀበል የተሰለፈ ሰው ጥፋቱን የሚናገርበት አገር እስካሁን አልተገኘም።

ጥያቄው ሲጀመር ታዲያ መልሱ አንድ ብቻ ነበር፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለም።» ምንም የለም በተባለ ማግስት ግድግዳ ይጣመማል፣ ቧንቧ ይፈነዳል። ስምረት ተስፋ ልትቆርጥ ምንም ሳይቀራት፣ አንድ ሐሙስ አብዲቃድር የሚባለው ፎርማን ጉሮሮውን ጠረገ። ሃምሳ ዓመት የተጠጋው፣ ረጅም፣ በሦስት ቋንቋ የሚቀልድ ሰው ነው።

«አቦ፣ እኔ አለኝ» አለ። «የመጸዳጃ ቤቱን በር ወደ ውስጥ እንዲከፈት ገልብጬ ነው ያስገባሁት። የገባ ሰው መውጣት ከፈለገ መቀመጫው ላይ መቆም አለበት።»

ሳይቱ በሳቅ ፈረሰ። ስምረትም ሳቀች፤ ሳቋን ስትጨርስ ግን መዝገቧን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ጠንካራ ልባስ ያለው፣ በክር የተጠረዘ ትልቅ ደብተር ነበር።

«ስሙኝ» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ በገዛ አፉ የተናገረ ሰው በዚህ መዝገብ አይከሰስም። ይሄ ለማስተካከያ እንጂ ለመክሰሻ አይደለም። ማርያምን!»

«መማሉን ተዪው» አለ አብዲቃድር። «ቃልሽ ይበቃናል።»

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላቸው! ሐሙስ የንስሐ ቀን ሆነች። አንዱ የተረሳ ብረት፣ ሌላው የተሳሳተ ልኬት፣ አንዳንዱማ ያላጠፋውን ሁሉ ይናዘዝ ጀመር። ስምረት ትጽፋለች፤ ቀን፣ ስም፣ ምክንያት፣ የተወሰደ እርምጃ። ችግሩ ገና ጫጩት ሳለ ይያዛል፤ ፕሮጀክቱም በቀኑ ያልቃል። ጥበብ ካላችሁት ጥበቡ ይኸው ነው፣ ሰው ሳይፈራ እንዲናገር ማድረግ።

መዝገብ መያዝን ያስተማሯት የድርጅቱ ባለቤት ኢንጂነር ወልደ ማርያም ናቸው። አባታቸው የምድር ባቡር መካኒክ ነበሩ፤ እሳቸው ከዚራ ሰፈር ተወልደው፣ ከዚራ አድገው፣ ከዚራ የሸበቱ ሰው ናቸው። ስምረት ከዩኒቨርሲቲ በወጣች በሳምንቷ የቀጠሯት፣ አባቷ የሞቱ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ከለቅሶ ድንኳኑ ያልወጡ፣ ለሰው ሲያስተዋውቋት «ልጄ ናት» የሚሉ። «ልጄ፣ ሥራ የሚበላሸው በሲሚንቶ ማነስ አይደለም፣ በዝምታ ነው» ብለው የመጀመሪያውን ደብተር የገዙላት እሳቸው ናቸው። እሷም ጋሼ ትላቸዋለች፤ ጋሼ ስትል ግን በልቧ አባዬ ማለቷ ነበር።

ዐሥረኛው ፕሮጀክት ጀልዴሳ ላይ የሚሠራ የውሃ ማጠራቀሚያ ሆነ። ክብ፣ ትልቅ የአርማታ ገንዳ ነው፤ አራት መንደር ከነከብቱ ከእሱ ሊጠጣ ነው። ስምረት እንደ ልማዷ አቀደች፣ አብዲቃድርም እንደ ልማዱ ሠራተኛውን ይዞ ወረደ።

የወለሉ አርማታ ሊሞላ ሳምንት ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት አብዲቃድር የጎማ ጥብጣብ በእጁ ይዞ መጣ። ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት ቦታ አርማታው ውስጥ ዙሪያውን የሚቀበር፣ ውሃ እንዳያመልጥ የሚያግድ ጎማ ነው።

«ያልሆነ አለ» አለ። «ይሄ ስስ ነው። ውሉ ላይ ያለው ወፍራሙ ነው። እኔ ይሄን ለፍየል በረትም አልቀብረው።»

ስምረት እዚያው ሆና ለጋሼ ደወለች። «ወፍራሙ ጅቡቲ ወደብ ላይ ነው ልጄ፣ አምስት ሳምንት ይፈጃል» አሏት። «የምረቃው ቀን ደግሞ ተቆርጧል። ስሱም ይሠራል፣ እኔ አለሁ።»

«መዝገቡ ላይ ልጻፈው?»

«ጻፊው እንጂ! ምን ታፍሪያለሽ?»

ጻፈችው። አብዲቃድር ያለውንም፣ ጋሼ የመለሱትንም፣ ቃል በቃል። ከዚያ የጎማውን መረከቢያ ሰነድ ራሷ ፈረመችና እንዲቀበር አዘዘች። ዘጠኝ ለዘጠኝ ሄዳ ዐሥረኛው ላይ አምስት ሳምንት መዘግየት እሷንም አስፈርቷት ነበር፤ ይህን አትክድም። ስሟን ወድዳዋለች። «የስምረት ነው?» መባሉን ጆሮዋ ለምዶታል።

ግድግዳው ከተሞላ በኋላ ሌላ ሐሙስ መጣ። አብዲቃድር በዚያን ቀን አልቀለደም።

«ግድግዳው ሁለት ቀን ውሃ አልጠጣም» አለ። ያገሩን ፀሐይ የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ አዲስ አርማታ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ሳምንት ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። «ሁርሶ የሚኖረው አጎቴ ሞተብኝ፣ ለቀብር ሄድኩ። የውሃ ቦቴው ደግሞ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ። በቦታዬ ሰው ሳልተካ ነው የሄድኩት፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ስመለስ ጆንያው ደርቆ ጠበቀኝ። ውሃ ረጭቼበት ዝም ብል ወላሂ ማንም አያውቅም ነበር። ግን ሐሙስ ነው።»

ስምረት አልተቆጣችም። ግድግዳውን በመዶሻ ስንዝር በስንዝር እየመቱ አዳመጡት፤ በላይኛው ክፍል ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አገኙ፣ ፈለፈሏቸው፣ ሞሏቸው፣ ገንዳውን ውሃ ሞልተው ሰባት ቀን ፈተኑት። ስምንት ቀን ባከነ፤ ከመጠባበቂያው ቀን ላይ ተነስቶ ተሸፈነ። እሷም ሁሉንም ጻፈችና መጨረሻ ላይ «አብዲቃድር ይህን በራሱ ተናገረ» ብላ ከሥሩ አሰመረችበት። በኩራት ነው ያሰመረችው፤ እንዲህ ያለ ሰው አለኝ ለማለት ነው።

ገንዳው በቀኑ ተመረቀ። ዐሥር ለዐሥር! ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ጋሼ ወልደ ማርያም ትከሻዋን አቅፈው «የኔ ልጅ» አሉ።

አራት ወር አልሞላውም ገንዳው ማፍሰስ ጀመረ። መጀመሪያ ያወቁት ፍየሎች ናቸው፤ ከግድግዳው ግርጌ እርጥብ መሬት አግኝተው ተሰብስበው ይልሱ ነበር። ከዚያ እረኞቹ አወቁ፣ ቀጥሎ ቀበሌው፣ በመጨረሻ እንደተለመደው መሥሪያ ቤቱ አወቀ። ሥራውን ያሠራው መሥሪያ ቤት አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሞ ድርጅቱን ለስብሰባ ጠራ።

ከስብሰባው ሁለት ቀን በፊት ጋሼ ቢሮአቸው አስጠሯት። «ያንን መዝገብሽን እስቲ ተዪልኝ፤ ተዘጋጅቼ ልግባ» አሏት። ስምረት በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ልቧ ሙሉ ነበር። ውሃው ከመገናኛው እንደሚወጣ አይታለች፤ የጎማው ገጽ ደግሞ መዝገቡ ውስጥ በእሷ ጽሕፈት አለ። ጋሼ ይቆሙና «ስሱን ጎማ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ እኔው አስተካክላለሁ» ይላሉ ብላ አመነች። መዝገብ መያዝን ያስተማሯት እሳቸው አይደሉም እንዴ? ከእሳቸው ይህን ባትጠብቅ ከማን ልትጠብቅ ነው?

የኮሚቴው ሰብሳቢ ኢዲል የምትባል፣ ቀጭን፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ነበረች። ጠረጴዛው ዙሪያ ለተቀመጠው ሁሉ የአንድ ገጽ ቅጂ ታደለ። ስምረት ገና ከሩቅ ጽሕፈቷን ለየችው፤ ከሥሩ የተሰመረችውንም መሥመር አየች።

ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ ቀንና ስም እየጠሩ አነበቡት። «... ግድግዳው ሁለት ቀን ውሃ ሳይጠጣ ቀረ። ፎርማኑ በቦታው ሰው አልተካም።» ከዚያ ቀና ብለው፣ «ድርጅታችን የሚደብቀው ነገር የለም። ሠራተኛው ራሱ ያመነው ነው። ይኸው፣ 'አብዲቃድር ይህን በራሱ ተናገረ' ይላል» አሉ።

ስምረት ክው አለች። አንዳንዴ ሰው ሲመታ ሕመሙ ወዲያው አይሰማውም፣ መጀመሪያ የሚሰማው ግርምት ነው። እሷም ተገረመች። ደብተሩ ጋሼ ፊት ተቀምጧል፤ እጇን ሰዳ ሳበችውና የጎማውን ገጽ ፈለገች። የለም። በምላጭ፣ ከክሩ አጠገብ፣ በጥንቃቄ ተቆርጦ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ የሚሠሩ እጆች የማን እንደሆኑ ታውቃለች።

አብዲቃድር ከበሩ አጠገብ ቆሟል። አላስቀመጡትም።

«ይህን ብለሃል?» አለችው ኢዲል።

«ብያለሁ።»

ሲመልስ ኢዲልን አላየም። ጋሼንም አላየም። ያየው ስምረትን ነው።

«ሌላ ገጽ አለ» አለች ስምረት፤ ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። «ስንጥቁ ተጠግኗል፣ ተፈትኗልም። ውሃው የሚወጣው ከመገናኛው ነው። የገባው ጎማ ስስ ነው።»

«ገጹ የት አለ?» ኢዲል ጠየቀች።

ስምረት ከመመለሷ በፊት ጋሼ ወደ እሷ ዘንበል አሉ። ደግነት በሞላበት ድምፅ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ መጠን፣ «ልጄ፣ ጎማውን ካነሳን መረከቢያውን የፈረምሽው አንቺ ነሽ» አሉ። «እሱን ዛሬ ባናነሳው አይሻልም?»

ስምረት አፏን ከፈተች። ዐሥሩ ፕሮጀክት፣ ስሟ፣ የሥራ ፈቃዷ፣ «የስምረት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሁሉ ፊቷ ተደቀነ።

አፏን መልሳ ዘጋችው። ገጽም ማስረጃም አልቀረበምና ኢዲል ወደ ተነበበው ገጽ ተመለሰች።

ውሳኔው አልዘገየም። አብዲቃድር ከሥራ ተሰናበተ፤ በመሥሪያ ቤቱ ፕሮጀክቶች ላይ ዳግመኛ እንዳይቀጠርም ደብዳቤ ተጻፈበት። ለሠላሳ ዓመት ፎርማን እንዲህ ያለ ደብዳቤ በድሬ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ትልቁን ሥራ ሁሉ የሚያሠራው መሥሪያ ቤት ነው፣ ወሬው ደግሞ ከደብዳቤው ቀድሞ ቀፊራ ገበያ ይደርሳል።

በማግስቱ ስምረት የጋሼን በር ሳታንኳኳ ገባች።

«ገጹን የት አደረጉት?»

«ቁጭ በይ ልጄ።»

«አልቀመጥም። ማልኩላቸው እኮ! በመዝገቡ ማንም አይከሰስም ብዬ ማልኩላቸው። እርስዎ ያውቃሉ።»

«አንቺን ነው ያዳንኩት» አሉ ወልደ ማርያም። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «ዐሥር ፕሮጀክት ባንድ በኩል፣ አንድ ፎርማን ባንድ በኩል። አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ? ደግሞስ ዋሸሁ? ያላለውን አልኩበት?»

«መዝገቡ ለዚህ አልነበረም።»

ጋሼ የእውነት ገርሟቸው አዩዋት። «ታዲያ መዝገብ ለምንድን ነው የሚያዘው? ክፉ ቀን ሲመጣ ጣት የምትቀስሪበት እንዳታጪ አይደለም እንዴ? እኔ እኮ ይህ ገብቶሽ ነው የመሰለኝ።»

ያኔ ነው ሕመሙ የመጣው። ሰውየው አልተለወጡም፤ ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበሩ። «በዝምታ ነው የሚበላሸው» ሲሏት ሰው እንዲናገር ያስፈለጋቸው ሊያቀኑት ሳይሆን ሊይዙት ነው። እሷ ስታምን፣ ስትምል፣ ስትጽፍ፣ ለካ ስንት ሰው ላይ የክስ ወረቀት ስታዘጋጅላቸው ኖራለች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ትሰማ ነበር፤ አወዳደቁ እንዲህ ለስላሳ መሆኑን ግን ማንም አልነገራትም። አለቀሰች። ቢሮው ውስጥ አይደለም፣ ለዚያ አላበቃቻቸውም፤ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ ሾፌሩ በመስታወት እያያት አለቀሰች።

ቢሆንም ወዲያው የሄደችበት የለም። ጀግና ናት ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ሁለት ሳምንት ሙሉ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያለች፣ እውነት በራሱ እግር እስኪመጣ ጠበቀች። ጎማው ከተቆፈረ ፊርማዋ ይወጣል፤ ፊርማዋ ከወጣ ስምረት የለችም። 

ከዚያ አዲሱ ሳይት ላይ ሐሙስ መጣ። ሳቢያን ሰፈር የሚሠራ የመማሪያ ክፍል ሕንፃ ነው፤ ሠራተኛው የአብዲቃድር ሠራተኛ ነው። ስምረት አዲስ ደብተር ይዛ ቆመች።

«ያልሆነ ምን አለ?»

«አልሐምዱሊላህ» አለ የመጀመሪያው፣ «ምንም የለም።»

«ምንም የለም» አለ ሁለተኛው።

ሦስተኛው ብረት አሳሪው ነበር። ከኋላው፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ዓምዱ ላይ ሦስት ቀለበት ብረት ጎድሏል፤ ስምረት ከቆመችበት ሆና ትቆጥረዋለች። ሰውየው ብዕሯን አየ፣ ደብተሩን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። «ምንም የለም» አለ። እንደ ዛሬው ትሕትና አሳይተዋት አያውቁም። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው፣ ተራቸውን ጠብቀው ዋሿት፤ ደግሞም አልተሳሳቱም።

ስምረት ዓምዱን አስፈትታ ብረቱን አስገባችና በዚያው ጠዋት ወደ ኢዲል ቢሮ ሄደች።

«ጎማው ስስ ነው» አለቻት፣ ገና ሳትቀመጥ። «ወልደ ማርያም አዘዙ፣ እኔ ፈረምኩ። አብዲቃድር ጎማው ከመቀበሩ በፊት ተቃውሟል። ገጹ ተቆርጧል፣ ማስረጃ የለኝም። ግን መገናኛውን ፈልፍሉት፣ ታዩታላችሁ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ኢዲል።

በማግስቱ ማለዳ ጀልዴሳ ወረዱ። አንድ ሠራተኛ የግድግዳውን ግርጌ በመሮ ፈለፈለ፤ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጎማው ወጣ፣ ስስና ተተርትሮ የተንጠለጠለ። ኢዲል በሁለት ጣቷ ይዛ ውፍረቱን ለካችው። መለኪያም አላስፈለጋት።

«ያን ቀን ጀምረሽ ለምን ተውሽው?»

«ፊርማው የኔ ስለነበረ ነው።»

«እሱ ስለ ራሱ ጥፋት ሲናገርስ» አለች ኢዲል፣ «ስሙ የማን ነበር?»



ፍርዱ ተገለበጠ። ድርጅቱ መገናኛውን በራሱ ወጪ ከመሠረቱ እንዲጠግን ታዘዘ፤ የአብዲቃድር ደብዳቤ ተሻረ። ስምረት ለሁለት ዓመት በመሥሪያ ቤቱ ሥራዎች ላይ ፕሮጀክት እንዳትመራ ተከለከለች፤ ጥገናውን ብቻ፣ ከአብዲቃድር ጋር ሆና፣ ጨርሳ እንድታስረክብ ኢዲል በጽሑፍ ወሰነች። ዐሥር ለዐሥር ዘጠኝ ለዐሥር ሆነ። ድሬ ይህንንም በሳምንቱ ቀንጥሳ ጨረሰችው። ጋሼ ወልደ ማርያም ኮሪደር ላይ ሲያገኟት «ኢንጂነር» ማለት ጀመሩ። ልጄ መባሉ እንዲህ ይናፍቀኛል ብላ አልጠበቀችም፤ የካዳትን ሰው ድምፅ መናፈቋ ደግሞ ከሁሉ በላይ አናደዳት።

የተሻረውን ደብዳቤ ይዛ አብዲቃድርን ፍለጋ ቀፊራ ሄደች። በጋሪና በባጃጅ መሀል ተጋፍታ ሽንኩርት ተራ ስትደርስ፣ በሚስቱ በሃሊሞ መደብ ላይ ቆሞ ሽንኩርት ሲመዝን አገኘችው። ሃሊሞ ስምረትን ስታይ ሰላም አላለቻትም፤ ሻሿን አጥብቃ ፊቷን ወደ ቲማቲሙ መለሰች።

ስምረት ደብዳቤውን ሰጠችው። አነበበው፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ይቅርታ አድርግልኝ አብዲ» አለች። «በስብሰባው ቀን ዝም አልኩ።»

«አየሁሽ።»

«እሳቸው ገጹን ቆርጠው...»

«ወልደ ማርያምን ተዪው አቦ» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «እኔ ሰውየውን አምኜው አላውቅም። ያላመንኩት ሰው እንዴት ይከዳኛል? እኔ ያመንኩት አንቺን ነው።»

ስምረት እንባዋን መያዝ አቃታት። አብዲቃድር እንድታለቅስ ተዋት፣ አላባበላትም፣ አልገፋትምም። አንዲት ደንበኛ ሁለት ኪሎ ብላ ስትጠይቅ ሚዛኑ ላይ ሽንኩርት መጨመር ጀመረ።

«ጥገናው ሰኞ ይጀመራል» አለች ስምረት ዐይኗን ጠርጋ። «ወፍራሙ ጎማ መጥቷል። አንተ ከሌለህ አልጀምርም። ትመጣለህ?»

አብዲቃድር የሚዛኑ ምላስ እስኪረጋ ጠበቀ። ሃሊሞ ከቲማቲሙ ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«ሀዬ፣ እመጣለሁ» አለ። «ልጆች አሉኝ፣ ሥራውንም እወደዋለሁ። ጎማውን በእጄ እቀብረዋለሁ፤ ወላሂ አንዲት ጠብታ አያሾልክም። አሥራ ሁለት ሰዓት ስትይ አሥራ ሁለት ሰዓት ታገኚኛለሽ።»

ሽንኩርቱን ወደ ደንበኛዋ ዘንቢል ገለበጠ።

«ሐሙስ ሐሙስ ግን አትጠይቂኝ» አለ።